ቆማ የከረመች የድሮ መኪና ነዳጅ ሲያጥራት፦ የተዘጋውን መስመር ፈልጎ የማግኘት አካሄድ

ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ ቆማ የከረመች የድሮ መኪና አዲስ ባትሪ ተገጥሞላት፣ ዘይቷ ተቀይሮና ካንዴላዋ ተጠርጎ ስትነሳ ችግሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላል። ብዙ ሳይቆይ ግን ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጡት ይታፈናል፣ ይንገጫገጫል፣ ከዚያም ይጠፋል፤ ጥቂት አሳርፈው ሲሞክሩት ምንም እንዳልነበረበት ይነሳና ከደቂቃዎች በኋላ ያንኑ ይደግማል። በዚህ ጊዜ የብዙ ሰው እጅ በቀጥታ የሚያመራው ነዳጁን ከአየር ጋር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው። ካርቡሬተሩ ተፈትቶና ታጥቦ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶለት ሲመለስ መኪናዋ ለተወሰነ ጊዜ ትሄዳለች፣ እንደገናም ትቆማለች፤ ምክንያቱም ካርቡሬተር የነዳጁ ጉዞ መጨረሻ እንጂ የቆሻሻው ምንጭ አይደለም።

ስለዚህ እዚህ የማቀርበው አካሄድ ከመፍታት ይልቅ መለየትን ያስቀድማል። የነዳጁ መስመር ፓምፑ መግቢያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ ችግሩ ከፓምፑ በፊት ይሁን በኋላ ይረጋገጣል፣ ከዚያም ፍለጋው በዚያ ወገን ብቻ እየጠበበ ይሄዳል። ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሁለት ሜትር ያህል ንጹሕ የነዳጅ ቱቦ፣ ለቤንዚን የተሠራ ትንሽ ጀሪካን፣ ክዳን ያለው የብርጭቆ ማሰሮ፣ ውስጡ የሚታይ አጭር የነዳጅ ቱቦ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መፍቻና የብስክሌት ጎማ መንፊያ በቂ ናቸው፤ የቫኩም መለኪያ ጌጅ ከተገኘ ደግሞ ሥራውን በእጅጉ ያሳጥራል።

ስለ ጥንቃቄ

የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ በጉድጓድና በማዕዘን ይጠራቀማል፤ ራቅ ብሎ ያለ የኤሌክትሪክ ብልጭታም ሊያቀጣጥለው ይችላል። ሥራው በሩ በተከፈተና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ እንጂ በመኪና መጠገኛ ጉድጓድ ውስጥ አይሠራ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ማዞር በማያስፈልግባቸው ሥራዎች ሁሉ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀል፤ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከእጅ አይራቅ። ነዳጅ በአፍ መሳብ ፈጽሞ አይገባም፤ በተለይ መኪናዋ እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን በሚሸጥበት ዘመን ቆማ የቀረች ከሆነ የእጅ ጓንትም ግዴታ ነው። ባዶ ሰልባቲዮ (የነዳጅ ታንክ) ከሙሉው የበለጠ አደገኛ መሆኑን ብዙዎች አያስቡትም፤ በውስጡ የቀረው የተንና የአየር ድብልቅ ለመፈንዳት ዝግጁ ስለሆነ፣ ብየዳ ቀርቶ የእጅ ባትሪ እንኳ ብልጭታ የማይፈጥር ዓይነት መሆን አለበት።

መስመሩን የሚዘጋው ምንድን ነው?

ቤንዚን ሲቆይ ቶሎ የሚተነው ቀላሉ ክፍሉ ይጠፋል፤ የቀረው ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ መጀመሪያ ሙጫ፣ ቀጥሎም እንደ ቫርኒሽ የሚደርቅ ቡናማ ሽፋን ይሆናል። ሰልባቲዮው በግማሽ ተሞልቶ ከቆየ ከነዳጁ በላይ ያለው ባዶ ግድግዳ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ጤዛ ይይዝና ይዝጋል፤ ዝገቱም እየተቀረፈ ወደ ታች ይወርዳል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ነዳጅ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ጣጣ አለው፦ እርጥበት ይስባል፤ የሳበው ውሃ ሲበዛ ውሃውና ኢታኖሉ አብረው ከቤንዚኑ ይለዩና ከሥር ይዘቅጣሉ። በተጨማሪም ለዘመናት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የነበረውን ደለል አላቅቆ ወደ መስመሩ ይልካል። አዲስ ነዳጅ ከተሞላ በኋላ ችግሩ መባሱ ብዙ ሰው የሚያስገርመው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያታልለው ግን የጎማ ቱቦው ነው። የድሮ ቱቦ ከውጭ ሲታይ ጥቁር፣ ለስላሳና ጤነኛ ሊመስል ይችላል። በስለት በቁመቱ ሲሰነጠቅ ግን የውስጠኛው ሽፋን ከክር ጥልፉ ተላቆ፣ ረጥቦና አብጦ ይገኛል፤ አንዳንዴም ከሽፋኑ ላይ የተቀደደች ትንሽ ቁራጭ በአንድ ጫፏ ብቻ ተይዛ ቀዳዳው መሃል ተንጠልጥላ ትቀራለች። ፓምፑ ሲስብ ይህች ቁራጭ ትነሳና ቀዳዳውን ትደፍናለች፤ ሞተሩ ሲጠፋና የመሳብ ኃይሉ ሲለቅ ተመልሳ ትተኛለች። በተቃራኒው አቅጣጫ አየር ቢነፉበት ያለ ችግር ያልፋል። በእኔ እምነት ዕድሜው የማይታወቅ የጎማ ቱቦ ሁሉ ምርመራው ከማለቁ በፊት በአዲስ መተካት አለበት። የሚተካውም ኢታኖልን የሚቋቋም፣ ለምሳሌ ኤስኤኢ ጄ30 አር9 የሚል ጽሑፍ የታተመበት ቢሆን ይመረጣል።

በእርግጥ ችግሩ ነዳጅ ነው?

መስመሩን ከመንካት በፊት ይህ ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት፤ ምክንያቱም ሲሞቅ የሚደክም የማቀጣጠያ ክፍል፣ ማለትም ቦቢና ወይም ኮንደንሰርም ሞተሩን አጥፍቶ ሲቀዘቅዝ ይመልሰዋል። ልዩነቱ በአጠፋፉ ላይ ይታያል። የማቀጣጠያ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ እንደተዘጋበት ሁሉ ሞተሩን በድንገት ቀጥ ያደርገዋል፤ የነዳጅ እጥረት ግን እያንገጫገጨና አቅም እያሳጣ ነው የሚያጠፋው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ቁልፉን ዘግተው የአየር ፊልትሮውን ያንሱና የካርቡሬተሩን ጉሮሮ ከላይ እየተመለከቱ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጅዎ ይግፉ። ከቀጭኗ ቀዳዳ ጠንካራ የነዳጅ ፍጥጫ ከወጣ ነዳጅ በሚጠራቀምበት የካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ ነዳጅ አለ ማለት ነው፤ ፍለጋው ወደ ማቀጣጠያው ወይም ወደ ካርቡሬተሩ የውስጥ ቀዳዳዎች ይዙር። ምንም ካልወጣ ወይም አንዲት ጠብታ ብቻ ካንጠባጠበ ጎድጓዳው ሳይደርቅ አልቀረም፤ ይህን ፍጥጫ የሚሰጠው የማፋጠኛ ፓምፕ ራሱ ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ግን የጎድጓዳውን ክዳን ከፍቶ በዓይን ማረጋገጥ ይሻላል። በብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ የሚገኙት የኤስዩ ካርቡሬተሮች የማፋጠኛ ፓምፕ ስለሌላቸው በእነርሱ ላይ ከመጀመሪያውም ክዳኑን መክፈት ያስፈልጋል። መኪናዋ የምትቆመው ሞተሩ በጣም ሲሞቅ ብቻ ከሆነና በቀዝቃዛ ጠዋት ያለ እንከን የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ነዳጁ መስመር ውስጥ እየተነነ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ የተዘጋ መስመር ሙቀትና ቅዝቃዜን እምብዛም አይለይም።

ክዳኑን አስቀድሙ

ከምርመራዎች ሁሉ ርካሹ የሰልባቲዮውን ክዳን መክፈት ነው። ፓምፑ ነዳጅ በሳበ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ ካልገባ በሰልባቲዮው ውስጥ የሚፈጠረው ቫኩም ከፓምፑ ጉልበት በላይ ይሆናል። ሞተሩ እንደጠፋ ክዳኑ ሲከፈት አየር ወደ ውስጥ ሲነፍስ ከተሰማ፣ መኪናዋም ወዲያው ተነስታ ከሄደች፣ ጥፋተኛው የአየር መተንፈሻው ነው። በድሮዎቹ መኪኖች መተንፈሻው ክዳኑ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት። በአሜሪካ የነዳጅ ተን መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1971 በመላ አገሪቱ ግዴታ ከሆነ በኋላ ለዚያ ገበያ የተሠሩት መኪኖች ክዳናቸው ዝግ ሆኖ መተንፈሻቸው በተለየ ቱቦ በኩል ወደ ከሰል ማጣሪያ ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ የአዲሱ ዘመን ዝግ ክዳን በድሮው መኪና ላይ ሲገጠም ሌላ ሁሉ ነገር ጤነኛ ሆኖ ሳለ መኪናዋ ትታፈናለች። ቆማ በከረመች መኪና ላይ ደግሞ ነፍሳት በመተንፈሻ ቱቦው ጫፍ የጭቃ ጎጆ መሥራታቸው የተለመደ ነው፤ ጫፉን በቀጭን ሽቦ ማየት አይዘንጋ።

መስመሩን ለሁለት መክፈል

ክዳኑ ነጻ ከወጣ ዋናው ፈተና ይቀጥላል። ከሰልባቲዮው የሚመጣውን ቱቦ ከፓምፑ መግቢያ ላይ ይፍቱና ጫፉን በንጹሕ መድፈኛ ይዝጉት። ሰልባቲዮው ከፓምፑ ከፍ ብሎ በሚቀመጥባቸው፣ እንደ ፎልክስዋገን ቢትል ባሉ መኪኖች፣ ቱቦው ሲፈታ ነዳጁ በራሱ መፍሰስ ስለሚጀምር መድፈኛው አስቀድሞ ይዘጋጅ። ቀጥሎ ንጹሑን ቱቦ ፓምፑ መግቢያ ላይ ሰክተው ሌላኛውን ጫፍ ንጹሕ ቤንዚን ባለበት ጀሪካን ውስጥ ያስገቡት። ጀሪካኑ ከማርሚታውና ከሚሽከረከሩ ክፍሎች ርቆ፣ እንዳይገለበጥ ተደግፎ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ኮፈኑ ሥር አስቀምጦ መንዳት ግን የማይታሰብ ነው።

ሞተሩን አስነስተው ቀድሞ ያጠፋው የነበረውን ሁኔታ ይድገሙት። ለምሳሌ ቆሞ በሚሠራበት ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይጠፋ ከነበረ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሥራ። ካልጠፋ ፓምፑና ካርቡሬተሩ ደህና ናቸው፤ መዘጋቱ ከፓምፑ ወደ ኋላ ነው። እንደበፊቱ ከጠፋ ደግሞ የኋላውን ክፍል ለጊዜው ትተው ወደ ፊት ይሂዱ። መኪናዋ የምትታፈነው ዳገት ላይ ወይም በከፍተኛ ፍጥነት ብቻ ከሆነ ይህ ፈተና ብቻውን አይበቃም፤ ቆሞ የሚሠራ ሞተር የሚፈልገው ነዳጅ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በግማሽ የተዘጋ መስመርም ያጠግበዋል። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው የቫኩም ጌጁን በቲ ማገናኛ አድርጎ ፓምፑ መግቢያ ላይ መግጠም ነው። ጤነኛ መስመር ላይ ንባቡ ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ ሞተሩ ዙር ሲጨምር መርፌው እየወጣ ከሄደና ካልተመለሰ ፓምፑ ከተዘጋ ነገር ጋር እየታገለ ነው። መርፌው ከፍ ባለበት ሰዓት ክዳኑ ሲከፈት ወዲያው ከወረደ መተንፈሻው፣ ካልወረደ ቱቦው ወይም የሰልባቲዮው ውስጥ ነው።

ከፓምፑ ወደ ኋላ

አሁን ከመኪናዋ ሥር መግባት ያስፈልጋል፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንምና ጠንካራ መደገፊያ ይቁምላት። ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ 6 ወይም 8 ሚሊሜትር የሆነውን የብረት ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ እየዳሰሱ ይከተሉት። የተጨፈለቀ ቦታ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ክሪክ የሚቆምበት አካባቢ ነው፤ የዚህ ዓይነቱን ጉዳት ምንም ዓይነት ማጠቢያ አይፈታውም። ቱቦው በሁለቱም ጫፍ ከተፈታ በኋላ በጎማ መንፊያው ቀስ እያሉ ይንፉበት። ኮምፕሬሰር ከመጠቀም መንፊያውን የምመርጠው እጅ የመስመሩን እምቢታ ስለሚሰማው ነው፤ ኮምፕሬሰር ግን በግማሽ የተዘጋውንም በጉልበት አልፎ ጤነኛ ያስመስለዋል። ከፓምፑ ወይም ከሰልባቲዮው ጋር በተያያዘ ቱቦ ላይ ግን በምንም መንገድ አይነፋም፤ የፓምፑን ድያፍራም (ነዳጁን የሚስበውንና የሚገፋውን ስስ ሽፋን) ይቀድዳል፣ በሰልባቲዮው ውስጥ ያለውንም ማጣሪያ ይነቅላል።

የብረት ቱቦው ነጻ ከሆነና የጎማዎቹ ማያያዣዎች ከተተኩ የቀረው ሰልባቲዮው ነው። በውስጡ ያለው የመሳቢያ ቱቦ ጫፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የወንፊት ማጣሪያ አለ። መኪናዋ ጠፍታ ስታርፍ እንደገና የምትነሳው ወንፊቱ ላይ ተለጥፎ የነበረው ዝገት የመሳብ ኃይሉ ሲለቅ ስለሚረግፍ ነው። በሌላ በኩል መኪናዋ ሙሉ ሰልባቲዮ ይዛ ደህና እየሄደች ነዳጁ ግማሽ ሲደርስ ብቻ የምትቆም ከሆነ የመሳቢያ ቱቦውን ራሱን ይመርምሩ፤ ከጊዜ ብዛት ዝገት መሃሉ ላይ ከበሳው የነዳጁ ከፍታ ከቀዳዳው በታች ሲወርድ ፓምፑ የሚስበው አየር ይሆናል። በብዙ መኪኖች ላይ ይህ ቱቦ ከነዳጅ መጠን ጠቋሚው ጋር አብሮ ስለሚወጣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል።

አየር መሳብ ከመዘጋት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ከፓምፑ በፊት ያለ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ አያንጠባጥብም፤ ሞተሩ ሲሠራ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ። ውስጡ የሚታየውን አጭር ቱቦ ፓምፑ መግቢያ ላይ ለፈተናው ያህል ብቻ ሲገጥሙት የአረፋ ጅረት ካለማቋረጥ ካለፈ የሚፈለገው የተዘጋ ሳይሆን የላላ ወይም የተሰነጠቀ ቦታ ነው።

ከፓምፑ ወደ ፊት

ፓምፑ በሜካኒክ የሚሠራ ከሆነ የቦቢናው ዋና ገመድ ተነቅሎ ከብረት ጋር ይያያዝ፤ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው ቱቦ ተፈትቶ በማሰሮው ውስጥ ይግባ፤ ከዚያም ረዳት ሰው ሞተሪኖውን ለ15 ሰከንድ ያህል ያዙር። ነዳጁ በጠንካራና በተስተካከለ ምት መውጣት አለበት። ትክክለኛው መጠን በመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ ይገኛል፤ ለትልልቅ ቪ8 ሞተሮች በዝቅተኛ ዙር በ30 ሰከንድ ግማሽ ሊትር ያህል የተለመደ ነው፤ ትናንሾቹ ሞተሮች ከዚህ ያነሰ ይበቃቸዋል። የግፊት ጌጅ ብቻ ገጥሞ መፍረድ ግን ያሳስታል። የእነዚህ ፓምፖች ግፊት በአብዛኛው ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ቢሆንም፣ በመርፌ ቀዳዳ የሚያልፍ ነዳጅ እንኳ ጫፉ በጌጁ የተዘጋ ቱቦን ቀስ በቀስ ሞልቶ ይህንን ንባብ ሊያሳይ ይችላል፤ ሞተሩን የሚያጠግበው ደግሞ ግፊቱ ሳይሆን የሚፈሰው መጠን ነው።

የኤስዩ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያለባት መኪና ችግሯን በድምፅ ትናገራለች። ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ጎድጓዳው እስኪሞላ ድረስ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ከዚያም ዝም ይላል። ሳያቋርጥ በፍጥነት ከመታ ባዶ ሰልባቲዮ ወይም አየር እየሳበ ነው፤ እየከበደው በዝግታ ከመታና ከጋለ መግቢያው ተዘግቷል። ጨርሶ ካልመታ ደግሞ መውጫው ይፈታ፤ ያን ጊዜ መምታት ከጀመረ መዘጋቱ ከፊቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ወደ ጎድጓዳው የሚገባውን ነዳጅ የሚከፍትና የሚዘጋው የካርቡሬተሩ መርፌ በደረቀ ሙጫ መቀመጫው ላይ ተጣብቆ ይገኛል። አሁንም ዝም ካለ የኤሌክትሪክ መስመሩና የፓምፑ ፑንቲና (የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥቡ) ይታዩ።

ፓምፑ በቂ ነዳጅ እየሰጠ ጎድጓዳው የሚደርቅ ከሆነ በካርቡሬተሩ መግቢያ ብሎን ውስጥ ያለውን ትንሽ ፊልትሮ ይመልከቱ። እንደ ሮቼስተር ኳድራጄት ባሉት ላይ ፊልትሮው እዚያው ተደብቆ ስለሚቀመጥ በመስመሩ ላይ አዲስ የገጠመ ሰው መኖሩንም ላያውቅ ይችላል።

ነዳጅ በመርጨት የሚሠሩ የድሮ መኪኖች ባለቤቶች ግን ቱቦ ከመፍታታቸው በፊት ግፊቱን እንደ መጽሐፋቸው ትእዛዝ ይልቀቁ። የቦሽ ኬ ጄትሮኒክ መስመር እስከ 5 ባር አካባቢ የሚደርስ ግፊት ይይዛል፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ከፊሉ እዚያው ይቆያል።

ከፊልትሮው ውስጥ የተገኘው ምን ይላል?

የወጣውን ፊልትሮ ሳይመረምሩ መጣል ከሁሉ የሚያስቆጨው ብክነት ነው። የወረቀት ፊልትሮ ከሆነ ነዳጁ በደንብ ከተንጠፈጠፈ በኋላ ቅርፊቱን በእጅ መጋዝ ቆርጠው ወረቀቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ይዘርጉት። ቀይ ቡናማ ዱቄትና ቅርፊት የሰልባቲዮ ወይም የብረት ቱቦ ዝገት ነው። በጣት ሲታሽ የሚያጠቁርና የሚላጥ ፍርፋሪ ከጎማ ቱቦ የመጣ ነው። የሚያጣብቅ፣ ቀለም ቀለም የሚሸት ቡናማ ሽፋን ያረጀ ቤንዚን ነው። ስስ ላስቲክ የሚመስሉ ሰፋፊ ቅጠሎች ከታዩ ደግሞ ቀድሞ አንድ ሰው ሰልባቲዮውን በማሸጊያ ቀብቶት አሁን እየተላጠ ነው፤ ይህ ሲሆን በማጠብ ብቻ አይገላገሉትም፤ ማሸጊያው ሙሉ በሙሉ መነሳት ወይም ሰልባቲዮው መቀየር ይኖርበታል። ከዚሁ ጎን ለጎን ከሰልባቲዮው ሥር የተቀዳ ነዳጅ በብርጭቆ ማሰሮው ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ ውሃ ካለበት ከሥር ጥርት ባለ መስመር ተለይቶ ይታያል።

ማጽዳቱ ከሰልባቲዮው ተጀምሮ ወደ ፊት ይሂድ። አሮጌው ነዳጅ ይቀዳ፤ ሰልባቲዮው ወርዶ ይታጠብና ፈጽሞ ይድረቅ፤ ወንፊቱና የጎማ ቱቦዎቹ ይተኩ፤ ከፓምፑ በፊትም ውስጡ የሚታይ አዲስ ፊልትሮ ይግባ። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ፓምፑ መስመሩን ሞልቶ በማሰሮው ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል እስኪተፋ ድረስ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው ቱቦ ተፈትቶ ይቆይ፤ በሥራው ወቅት የተላቀቀው ብናኝ የሚወጣው በዚህ የመጀመሪያ ነዳጅ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በደረቅ ነጭ ወረቀት ይጠረግ፤ ወረቀቱ ከረጠበ ማሰሪያው ይጥበቅ። ከፓምፑ በፊት ያሉት መጋጠሚያዎች ግን ደረቅ ሆነውም አየር ሊያስገቡ ስለሚችሉ በፊልትሮው ውስጥ አረፋ መኖር አለመኖሩ ይታይ። ፊልትሮው በመጀመሪያዎቹ መቶ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከቀላ ሳይዘገዩ ይቀይሩት፤ ሌላ መለዋወጫም ይዘው ይውጡ፤ ሁለተኛውም በዚያው ፍጥነት ከቀላ ሰልባቲዮው እንደገና መውረድ አለበት።